ግጥም ይዤ ግሪክ ወረድኩ

ሰኞ፣ አቴንስ

እንግሊዛዊው ገጣሚ ሎርድ ባይረን አቴንስ የገባው በ1809 በፈረንጆች ገና ዕለት፣ ወደ ማታ ነው። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ከጓደኛው ከጆን ካም ሆብሃውስ ጋር ፖርቱጋልን፣ ስፔንን፣ ማልታንና አልባኒያን አዳርሶ ነው የመጣው። ጓዙ ውስጥ ያላለቀ ረጅም ግጥም ነበረው። ከሁለት ወር ገደማ በፊት ኢዮአኒና ከተማ ላይ የጀመረው «የቻይልድ ሃሮልድ ጉዞ» ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በ1812 ለንደን ላይ ታትመው ሲወጡ ስሙ በአንድ ጀንበር ገነነ። ሦስተኛው ክፍል በ1816፣ አራተኛው በ1818 ተከተሉ።

እኔ ይዤ የመጣሁት ሁለተኛውን ክፍል ነው፤ የግሪኩን። ሐሳቤ ቀላል ነው። ግጥሙ የሚጠራቸው ቦታዎች ድረስ ሄጄ፣ እዚያው ቆሜ ማንበብ። ብዙ ሰው ይህን ግጥም የሚያስታውሰው በሃሮልድ ነው። ድሎት የሰለቸው፣ ልቡ የደነዘዘ ወጣት አገሩን ጥሎ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ሃሮልድ ብዙም አይጥመኝም። ባይረን ራሱም መንገድ ላይ እየረሳው ይሄዳል። እኔን የያዘኝ የግጥሙ ንዴት ነው። ፍርስራሽ አይቶ ከማዘን አልፎ «ይሄን ማን ወሰደው?» ብሎ የሚጠይቅ ንዴት። መቅደላን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ጥያቄ ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

ከሰዓት በኋላ ዕቃዬን ሆቴል ጥዬ ወደ ኦሎምፒያው ዜውስ ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ድሮ 104 ዓምዶች ነበሩት። ግንባታው ለዘመናት ሲጓተት ቆይቶ ያስጨረሰው የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ነው፤ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ባይረን 16 ዓምዶች ቆመው አግኝቷል። አንዱን በ1852 ማዕበል ጣለው። እስካሁን እንደወደቀ ተኝቷል። ክብ ክብ ድንጋዮቹ በተርታ ተጋድመው የተቆራረጠ ሸንኮራ አገዳ ይመስላሉ።

ግጥሙ እዚህ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ተናጋሪው ከአንድ ዓምድ ግርጌ አረፍ ብሎ ቤተ መቅደሱን በሐሳቡ መልሶ ሊያቆመው ይሞክራል። አልሆነም። ዘመን ያፈረሰውን ምናብም አይጠግነውም ይላል። አጠገቡ አንድ ቱርክ ምንም ሳይመስለው ተቀምጧል። አንድ ግሪካዊ እየዘፈነ ያልፋል። ያኔ አገሩ በኦቶማን ቱርክ እጅ ነበር። ዛሬ በአጥሩ በኩል መኪና ይተራመሳል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ ወደ ዓምዶቹ ዞር ሳይል አለፈ።

የግጥሙ አካሄድ ቦታው ላይ ሲነበብ ነው ይበልጥ የገባኝ። እያንዳንዱ አንጓ ዘጠኝ ስንኝ ነው። ስምንቱ እኩል ይራመዳሉ። ዘጠነኛዋ ትረዝማለች። ሐሳቡ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። በእግር የሚሄድ ሰው ቆም ብሎ ዙሪያውን እንደሚቃኘው ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ አክሮፖሊስ

በሩ ሲከፈት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ያም ሆኖ ሰልፉ አይጣል ነው። መወጣጫው ላይ ያለው እብነ በረድ በጎብኚ ጫማ ተፍቆ ተፍቆ መስታወት ሆኗል። ጥሩ ጫማ ካላደረጉ ያንሸራትታል።

ፓርተኖን ፊት ለፊት ሲመጣ አፍ ያስይዛል። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ባለው ጊዜ ነው። የእንስት አምላኳ የአቴና ቤተ መቅደስ ሆኖ ጀመረ፣ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ከዚያ መስጊድ። ከ2,000 ዓመት በላይ ቆሞ ኖሮ ነበር። በ1687 ቬኒስያውያን ከተማዋን ከበቡ። ቱርኮች ፓርተኖንን የባሩድ ማከማቻ አድርገውት ነበር። አንድ ጥይት ከመድፍ ወጥቶ እዚያ ላይ አረፈ። መሐሉ ተበጥሶ የወጣው ያኔ ነው።

ከዚያ ቶማስ ብሩስ መጣ፤ ሰባተኛው የኤልጂን አርል፣ በኦቶማን መንግሥት የብሪታንያ አምባሳደር። ከ1801 ጀምሮ ሰዎቹ መሰላል አቁመው ከሕንጻው ላይ ቅርጻ ቅርጾችን ያወርዱ ጀመር። አልወርድ ያለውን በመጋዝ ቆረጡት። የሥራው ኃላፊ ሉዚዬሪ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር። ኤልጂን ፈቃድ አለኝ ይል ነበር። ሆኖም የፈቃዱ ዋና ወረቀት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያለው የጣሊያንኛ ትርጉም ነው። በ1816 የብሪታንያ ፓርላማ ቅርጾቹን በ35,000 ፓውንድ ገዛና ብሪቲሽ ሙዚየም አስገባቸው።

ባይረን ታዲያ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ዘረፋው ገና አልተጠናቀቀም። የሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ አካባቢ ያሉት አንጓዎች የተጻፉት በዚህ ትኩሳት ነው። የጎጥ ወራሪ ያልነካውን፣ ቱርክ የተወውን፣ ዘመን የማረውን ይህ ሰው ነቀለው ይላል። ኤልጂን ስኮትላንዳዊ ስለነበር ስኮትላንድን «እፈሪ» ይላታል። ከዚያ ወደ ገዛ አገሩ ይዞራል። እነዚህን ቅርሶች መጠበቅ የነበረባቸው እጆች አፈረሷቸው፤ ይህን አይቶ የማያለቅስ ዓይን የደነዘዘ ነው ይላል።

ከፓርተኖን በስተምዕራብ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ይህን ክፍል ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩት። ሁለቴ። ደሜ ፈላ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ባይረን ይህን የጻፈው ግሪክ የራሷ መንግሥት ሳይኖራት ነው። ንብረቴን መልሱ የሚል ኤምባሲ አልነበራትም። የዘራፊው አገር ሰው፣ የዘራፊውን ቋንቋ የሚናገር ወጣት፣ ለንደን ላይ የሚነበብ ግጥም ውስጥ ከሰሰው። የኤልጂን ወገኖች «እሱ ባያነሳው ኖራ ተቃጥሎ ይቀር ነበር» ይላሉ። እብነ በረድ ለኖራ የተቃጠለበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው። ለማዳን የወሰደ ግን ባለቤቱ ቤቱን ሲሠራ ይመልሳል።

ባለቤቱ ቤቱን ሠርቷል። ከኮረብታው ግርጌ ያለው የአክሮፖሊስ ሙዚየም በ2009 ነው የተከፈተው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል እዚያ ቆየሁ። የላይኛው ፎቅ ዙሪያውን መስታወት ነው፤ አቀማመጡም ልክ እንደ ፓርተኖን ተደርጎ ነው የተሠራው። ቅርጾቹ በነበሩበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ቀና ሲሉ በመስታወቱ ውስጥ ራሱ ፓርተኖን ይታያል።

እዚህ ጋ ቀረብ ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። በሕንጻው ዙሪያ የሚዞረው ቅርጽ 160 ሜትር ነበር። ግማሽ ያህሉ ለንደን ነው። አቴንስ ያለው ድንጋይ ዘመን አጠይሞት ማር መልክ ይዟል። ለንደን ባለው ምትክ የተሰቀለው የጀሶ ቅጂ ግን ነጭ ነው፤ ድርቅ ያለ ነጭ። አንድ ፈረስ ላይ ዓይኔ ቀረ። የኋላ አካሉ ድንጋይ፣ የፊቱ ጀሶ። መገናኛው ላይ ጣት የማያስገባ ስንጥቅ አለ። ያንን ስንጥቅ ለማስረዳት አስጎብኚ አያስፈልግም።

ታችኛው ፎቅ ላይ አክሮፖሊስ ላይ ካለው ከሌላው ቤተ መቅደስ፣ ከኤሬክቴዮን፣ የመጡ የሴት ቅርጾች አሉ። ጣሪያ በራሳቸው የተሸከሙ ስድስት ሴቶች ነበሩ። አምስቱ እዚህ ቆመዋል። የስድስተኛዋ ቦታ ባዶ ነው። ቅጂ አላስቀመጡላትም። ለንደን ናት። አንዲት ሕፃን ባዶውን ቦታ እያሳየች እናቷን ጠየቀች። በግሪክኛ ስለነበር አልሰማሁም። ጥያቄው ግን ያው ይመስለኛል።

መቅደላ ትዝ አለኝ። ሚያዝያ 1868። አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሲሰዉ፣ አምባው ተዘረፈ። የዘመቻው ጦር ብሪቲሽ ሙዚየም የላከውን ሰው ሳይቀር ይዞ ነበር የመጣው። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ። ታቦት፣ ብራና፣ ዘውድ፣ ጽዋ። የፓርተኖን ቅርጾች ያሉበት ያው ሙዚየም 11 ታቦቶቻችንን ይዟል። ለሕዝብ አይታዩም። ግሪኮች ቢያንስ የእነሱን ሄደው ያያሉ።

ረቡዕ፣ ፕላካ

ፕላካ ጠባብ መንገዶች ያሉት የድሮ ሰፈር ነው። እዚያ «ባይረን ጎዳና» የሚባል አለ። ጎዳናው የሚያደርሰው የሊሲክራቴስ ሐውልት ጋ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ334 አካባቢ፣ አንድ ሀብታም የደገፈው የልጆች መዘምራን ቡድን ውድድር ስላሸነፈ ለመታሰቢያ ያቆመው ትንሽ ክብ ሕንጻ ነው። በባይረን ጊዜ ዙሪያው የካፑቺን መነኮሳት ገዳም ነበር። መነኮሳቱ ሐውልቱን መጻሕፍት ማስቀመጫ አድርገውት ነበር። ባይረን በ1810 ለሁለተኛ ጊዜ አቴንስ ሲመለስ ያረፈው ገዳሙ ውስጥ ነው። ገዳሙ በግሪክ የነጻነት ጦርነት ጠፋ። ሐውልቱ ቀረ። ኤልጂን ይህንንም ሊወስድ ጠይቆ መነኮሳቱ እምቢ ብለውታል። እነዚያን መነኮሳት አመሰግናለሁ።

አሁን ስለ ባይረን ደስ የማይለውን ልጻፍ። እሱም ባዶ እጁን አልሄደም። አቴንስ ላይ ከመቃብር የወጡ አራት የራስ ቅሎች ይዞ ነው አገሩ የገባው። ከአቴንስም በሚያዝያ 1811 የወጣው «ሃይድራ» በተባለች መርከብ ነው። ያች መርከብ ሆዷ ውስጥ የኤልጂንን የመጨረሻ ትልቅ ጭነት ይዛ ነበር። ከሳሹም ክሱም በአንድ መርከብ ተጓዙ ማለት ነው። ይህ ግጥሙን ያፈርሰዋል? በእኔ እምነት አያፈርሰውም። ሰውየውን ግን ከፍ አድርጌ እንዳልሰቅለው ይከለክለኛል። የሞተ ሰው አፅም ማስታወሻ ዕቃ አይደለም። የልዑል ዓለማየሁ አፅም ዊንድዘር ላይ እንደተቀበረ ያለን ሕዝብ ነን፤ ይህን ነገር ቀለል አድርገን ልናየው አንችልም።

ማታ ኪፕሴሊ ሰፈር አንዲት የአገሬ ሴት ቡና አፍልታ ጋበዘችኝ። አቴንስ ብዙ ዓመት ኖራለች። «እትዬ፣ አክሮፖሊስ ወጥተው ያውቃሉ?» አልኳት። «ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ እንጂ! ትምህርት ቤት ስለ እብነ በረዱ ሲያስተምሯቸው፣ እኔ ቤት ስለ መቅደላ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። «ልጄ፣ ነገሩ አንድ ነው።» ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

ሐሙስ፣ ሱኒዮን

አውቶቡሱ ባሕሩን ይዞ ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ጫፍ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ የባሕር አምላኩ የፖሲዶን ቤተ መቅደስ ነጭ ዓምዶች ቆመዋል። በግጥሙ ውስጥ ስፍራው የአቴና ይባላል። ያኔ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያውቀው።

አንዱ ዓምድ ላይ የባይረን ስም ተቀርጿል። ራሱ እንደቀረጸው ነው የሚነገረው። ገመድ ስለተዘረጋ አይጠጉትም። ሰው ሁሉ ግን ካሜራውን አርዝሞ እሱን ይፈልጋል። እኔ አልፈለግሁትም።

ይልቅ የሆሜር ጥንታዊ ግጥም ኦዲሴ ትዝ አለኝ። ታሪኩ ሲከፈት ፖሲዶን ቤቱ የለም። ሩቅ ወዳሉት ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዷል፤ በሬና በግ ታርዶለት። የእሱ አለመኖር ነው ኦዲስየስን ወደ አገሩ እንዲመለስ መንገድ የከፈተለት። ንፋሱ ከባሕሩ ሲመጣ ይህን እያሰብኩ ቆየሁ። ደስ ይላል።

ዓርብ፣ ማራቶን

ሜዳው ዛሬ የአትክልት ማሳና ቤት ነው። መሐሉ ላይ ሣር የለበሰ የአፈር ጉብታ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ከፋርስ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁ 192 አቴናውያን መቃብር ነው።

ባይረን ግጥሙ ግርጌ ባስቀመጠው ማስታወሻ ላይ አንድ ነገር ይናገራል። የማራቶን ሜዳ ለሽያጭ ቀርቦለት ነበር። ዋጋው 16,000 ፒያስተር፣ ወደ 900 ፓውንድ። የጀግኖቹ አፈር ከዚህ የተሻለ አያወጣም ወይ ብሎ ይቆጫል። ግጥሙ ውስጥ ደግሞ ፀሐዩም አፈሩም ያው ነው፣ የተለወጠው ባሪያ የሆነው ሕዝብ ነው ይላል። እዚህ ላይ ባይረን ይጨክናል። በጊዜው የነበሩትን ግሪኮች እንደ ወራሽ ሳይሆን እንደ ጥላ ነው የሚያያቸው። የእኛም ቅርስ ጎብኚዎች ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። ድንጋዩን ያደንቁና ቄሱን ያልፉታል። ከግጥሙ ጋር የምጣላው እዚህ ጋ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ግን ማራቶን ሌላ ስም አለው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1961፣ እዚህ መጥቶ የአቴንስን ማራቶን እንደገና በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። የውድድሩ መስመር ዛሬ ጉብታውን ዞሮ ነው ወደ አቴንስ የሚያቀናው። መንገዱ ዳር ቆሜ አስፋልቱን በእጄ ነካሁት። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ፀሐዩ አግሎታል። ይህን በባዶ እግር!

ቅዳሜ፣ ዴልፊ

ከአቴንስ ሦስት ሰዓት። መንገዱ ወደ ፓርናሰስ ተራራ ይወጣል፤ ከፍታው 2,457 ሜትር ነው። ባይረን በታኅሣሥ 1809 ሲመጣ የአፖሎ ቤተ መቅደስ አልነበረም ማለት ይቻላል። ካስትሪ የሚባል መንደር ላዩ ላይ ተሠርቶበት ነበር። ፈረንሳዮች በ1892 ቁፋሮ ሲጀምሩ ነው መንደሩ ተነስቶ ዛሬ ያለበት ቦታ የሰፈረው።

ለእኔ የግጥሙ ምርጥ ቦታ ይህ ነው፤ ለጉዞ ጸሐፊ በተለይ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ስፔን ያወራል፤ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ሴቶቹ። በድንገት ይቆርጥና «ፓርናሰስ ሆይ!» ይላል። ምክንያቱም ያንን ሲጽፍ ባይረን እዚህ ነበር። ተራራው ፊቱ ተገትሮ ስፔንን መቀጠል አልቻለም። ጥቂት አንጓ ለተራራው ሰጥቶ፣ ይቅርታ ብሎ ወደ ስፔን ይመለሳል። አርትዖት ሲያደርግ ሊያወጣው ይችል ነበር። ተወው። ቅደም ተከተሉ ተበላሽቶ እውነቱ ተረፈ። እኔም ይህን ማስታወሻ ሳሰናዳ ያንን ድፍረት እያሰብኩ ነው።

እሑድ፣ መንገድ ላይ

ከተራራው ወርደን የቆሮንቶስን ባሕረ ሰላጤ ይዘን ወደ ምዕራብ። አውቶቡስ ቀይሬ ቀኑ አለቀ። ናፍፓክቶስ ላይ ቆመን ጠብሰው የሚሸጡትን ዓሣ በላሁ። ከዚያ አንቲሪዮ ላይ በ2004 የተከፈተው ረጅሙ ድልድይ ታየ።

በዚህ ባሕር ዳር፣ በወዲያኛው ማዶ፣ ባይረን አንድ የንስር ጫጩት በጥይት መትቷል። አልሞተችም፤ ቆሰለች። ሊያድናት ሞከረ። ዓይኗ እጅግ ብሩህ ነበር ብሎ ጽፏል። በጥቂት ቀን ሞተች። ከዚያ ወዲህ ወፍ ላይ ተኩሼ አላውቅም፣ ወደፊትም አልተኩስም ይላል። ሰውየውን ከራስ ቅሎቹ በኋላ እንደገና እንድወደው ያደረገኝ ይህ ነው።

ሰኞ፣ ሜሶሎንጊ

ዝቅ ያለ ከተማ ነው። ባሕሩ ጥልቀት የለውም። እንጨት ተክለው ውሃው ላይ የሠሯቸው የዓሣ አጥማጅ ጎጆዎች አሉ። ጨው ያመርታሉ። የዓሣ ዕንቁላል በሰም ሸፍነው ይሸጣሉ፤ በስሱ ተቆርጦ ይበላል፣ ጨውነቱ ደስ ይላል።

ባይረን ይህችን ከተማ በ1809 አልፏት ነበር፤ እንደ ጎብኚ። በጥር 1824 ተመልሶ መጣ። ያኔ ግሪኮች በቱርክ ላይ ተነስተዋል። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ታዋቂ ቦታ አለ፦ ነጻ መውጣት የሚሻ ራሱ መምታት አለበት፣ ፈረንሳይም ሩስያም አያወጧችሁም ይላል። በ12 ዓመት ውስጥ ግሪኮች መቱ። ገጣሚው ደግሞ ለመርከቦቻቸው 4,000 ፓውንድ ከኪሱ አውጥቶ መጣ። ጦር ሜዳ አልዋለም። ትኩሳት ያዘው። ሐኪሞቹ በአልቅትና በስለት ደሙን ደጋግመው ቀዱት። ሚያዝያ 19 ቀን 1824 በ36 ዓመቱ ሞተ። ከተማዋ በ37 የመድፍ ጥይት አዘነችለት። በሁለት ዓመቷ፣ በ1826፣ የተከበቡት የሜሶሎንጊ ሰዎች በረሃብ ሲያልቁ በሌሊት ከበባውን ሰብረው ወጡ። አብዛኞቹ አለቁ።

የጀግኖች የአትክልት ቦታ ውስጥ ሐውልቱ አለ። ጠባቂው ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው፣ ግን ተግባባን። ስለ መቅደላ ስነግራቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ተመለሰ?» አሉኝ። ጥቂት ጥቂቱ አልኳቸው። ኤድንበራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኘ ታቦት በ2002 ተመልሷል። የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ2019። የእነሱንም ጠየቅኋቸው። ቫቲካን ሦስት ቁራጭ በ2023 መልሷል አሉኝ፤ በጣታቸው ቆጥረው። ለንደን ግን ገና።

የመልስ ጉዞዬ በለንደን በኩል ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቼ ስድስተኛዋን ሴት አያታለሁ። ታቦቶቹን አላይም፤ ማየትም የካህናት እንጂ የእኔ አይደለም። በማግስቱ ብሪቲሽ ላይብረሪ ቀጠሮ ይዣለሁ። ከመቅደላ የሄዱ 350 ያህል ብራናዎች እዚያ አሉ፤ አንዱን እንዲያወጡልኝ ጠይቄ ፈቅደውልኛል።